ቅዱን ራሳችሁ አውጥታችሁ የምትሰፉት የ1950ዎቹ ስልት የምሽት ቀሚስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንናገርለት ቀሚስ ከወገብ በላይ ገላ ላይ የሚያርፍ፣ ከወገብ በታች ደግሞ በክብ ተቆርጦ የሚዘረጋ ነው። የፈረንሳዩ ልብስ ነዳፊ ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ ያሳየው የልብስ ስብስብ ይህን ቅርጽ ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ፤ በ1950ዎቹም የምሽት ልብስ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነበር። ስሌቶቹን ለመከተል እንዲቀል ከላይ እስከ ታች አንድ የምሳሌ መጠን እንጠቀማለን፦ ደረት 92 ሳ.ሜ.፣ ወገብ 72 ሳ.ሜ.፣ ከወገብ እስከ ግርጌ 70 ሳ.ሜ.፣ የስፌት ትርፍ 1.5 ሳ.ሜ.። በእነዚህ ፋንታ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ፓተርን (የጨርቅ መቁረጫ ቅድ) አውጥቼ አላውቅም። ከ1930ዎቹ ስልት ልጀምር ወይስ ከ1950ዎቹ?

ከ1950ዎቹ። የ1930ዎቹ ቀሚስ በፓተርኑ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ፔንስ፣ ማለትም ጨርቁን በሾጣጣ ቅርጽ ቆንጥሮ የሚያጠብ ስፌት፣ የለው፤ ገበር የለው፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ነው። ነገር ግን ጨርቁ በሰያፍ፣ ማለትም ከክሮቹ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ስለሚቆረጥ እጅ ላይ እያለ ይለጠጣል፣ ተሰቅሎ ያድራል፣ ሲነጋ ሌላ መጠን ይሆናል። የ1950ዎቹ ቀሚስ ቁራጩ ይበዛል እንጂ እያንዳንዱ ቁራጭ የተለካውን ያህል ሆኖ ይቆያል። የተሳሳተውንም ለይቶ ማረም ይቻላል።

የትኞቹን ልኬቶች ልውሰድ?

በመጀመሪያ፣ ከቀሚሱ ስር የሚለበሰው ጡት መያዣ ተለብሶ ይለካ። ጡት መያዣ ሲቀየር የጡት ጫፍ ከፍታ በ2 ሳ.ሜ. እና ከዚያም በላይ ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ፔንስ ቦታውን ይስታል። ቀጥሎ ወገብ ላይ ቀጭን ላስቲክ አስሩና ወደ ጎን ዘንበል በሉ፤ ላስቲኩ ራሱ የሚያርፍበት ቦታ እውነተኛው ወገብ ነው። ላስቲኩ ልኬቱ እስኪያልቅ አይፈታ።

የሚያስፈልጉት ልኬቶች የደረት ዙሪያ፣ ከጡት ስር ያለው ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያ፣ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ በጀርባ፣ ከአንገትና ከትከሻ መገናኛ በጡት ጫፍ ላይ አልፎ እስከ ወገብ፣ ከዚያው መገናኛ እስከ ጡት ጫፍ ብቻ፣ ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ፣ የጀርባ ስፋት ከብብት እስከ ብብት፣ እና የትከሻ ርዝመት ናቸው። ብዙ ሰው ዙሪያዎቹን ለክቶ ቁመቶቹን ይዘላል። በኋላ የሚታየው ችግር ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከቁመቶቹ ነው። ለራስ መለካት አያስተማምንም፤ የጀርባውን ልኬት ሌላ ሰው ይውሰደው።

የላይኛውን ክፍል በቁጥር እንዴት ላውጣው?

ማንጠልጠያ ወይም እጅጌ ላለው ቀሚስ ደረት ላይ 4 ሳ.ሜ.፣ ወገብ ላይ 2 ሳ.ሜ. መተንፈሻ፣ ማለትም ለመንቀሳቀስ የሚተው ትርፍ ስፋት፣ ጨምሩ። በምሳሌያችን ደረቱ 96፣ ወገቡ 74 ይሆናል። ፓተርን የሚሳለው ለግማሽ ገላ ስለሆነ በአራት አካፍሉና ፊቱን በ1 ሳ.ሜ. አስፉት፣ ጀርባውን በ1 ሳ.ሜ. አጥብቡት። ደረት ላይ ፊት 25፣ ጀርባ 23 ይመጣል፤ ወገብ ላይ ደግሞ ፊት 19.5፣ ጀርባ 17.5።

በሁለቱም ቁራጭ በደረትና በወገብ መካከል ያለው ልዩነት 5.5 ሳ.ሜ. ነው። ከዚህ 2 ሳ.ሜ. በጎን ስፌት ይወሰድ፤ የቀረው 3.5 ሳ.ሜ. ፔንስ ይሁን። ፊትና ጀርባው በጎን እኩል መጥበባቸው ትርጉም አለው፤ አንዱ 3፣ ሌላው 1 ሳ.ሜ. ከጠበበ የጎን ስፌቱ ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል። ልዩነታችሁ ከዚህ በጣም ከበለጠ፣ ለምሳሌ 8 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ ሁሉንም ለአንድ ፔንስ አትስጡ። ከ4 ሳ.ሜ. በላይ የሆነ ፔንስ ጫፉ ላይ ይሾላል፤ ለሁለት ክፈሉት።

የፊት ፔንስ አቅጣጫው ወደ ጡት ጫፍ ይሁን እንጂ እዚያ አይድረስ፤ ከ2 እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ሲቀረው ይቁም። መጨረሻው ላይ ወደኋላ መልሳችሁ አትስፉ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች እጥፋቱ ጠርዝ ላይ አስኪዱና ክሩን በእጅ ቋጥሩ። የፔንስ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ በድንገት ስለሚቆም ነው።

የአቡጀዲ ሙከራ (መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቶ መለካት) የግድ ነው?

ለላይኛው ክፍል አዎ። ሳቲን፣ ታፍታና ከፋይ ከተተረተሩ የመርፌው ቀዳዳ አይጠፋም፤ ስለዚህ ማስተካከያው ሁሉ አቡጀዲ ላይ ማለቅ አለበት። ለጉርዱ ከወገብ 20 ሳ.ሜ. ያህል የሚወርድ ቁራጭ በቂ ነው፤ ሙሉ ክብ ለሙከራ መቁረጥ ጨርቅ ማባከን ነው።

አቡጀዲው ላይ የደረትን፣ የወገብን እና የመሃል ፊትን መስመር በእርሳስ አስምሩ። የጎን ትርፉን 3 ሳ.ሜ. አድርጉት፣ በመኪና 4 ሚ.ሜ. በሆነ ረጅም ስፌት ስፉ፣ ዚፕ ሳታስገቡ ጀርባውን በእስፒል ዝጉ። ከዚያ ለባሿ ትቀመጥ፣ እጇን ታንሳ፣ ትጎንበስ። ቆማ ብቻ የተለካች ቀሚስ እራት ላይ ትጨንቃለች።

አቡጀዲው ተሸበሸበ። ምክንያቱን እንዴት ልወቅ?

ሽብሽቡ የታየበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አይደለም፤ ጥፋተኛው ሽብሽቡ የሚያመለክተው ቦታ ነው። ብዙ ቀሚስ የሚበላሸው ሰፊው ሽብሽቡን ባየበት ቦታ ቆንጥሮ ስለሚያጠብ ነው።

ወደ ጎን የተወጠረ አግድም መስመር ካያችሁ ያ ቦታ ጠቧል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ልል እጥፋት ካለ ሰፍቷል። አግድም ሆኖ ግን ሳይወጠር የተኛ እጥፋት፣ በተለይ ጀርባ ላይ ከወገብ በላይ፣ ስፋትን አይመለከትም፤ ቁመቱ በዝቷል ማለት ነው። የበዛውን በእስፒል አጥፋችሁ ለኩ፤ ከፓተርኑም ያንኑ ያህል በአግድም አጥፉለት።

ሰያፍ መስመር ከጡት ጫፍ ወደ ጎንና ወደ ወገብ የሚሄድ ከሆነ፣ የፊቱም ወገብ መስመር ወደ ላይ ከተሳበ፣ ለጡት የተተወው ቦታ አንሷል። ጎኑን ማስፋት ይህን አይፈታም፤ ወገቡ ይሰፋና መሳቡ ይቀጥላል። መፍትሔው ፓተርኑን መክፈት ነው። ከወገብ በፔንሱ መሃል እስከ ጡት ጫፍ፣ ከዚያ ታጥፋችሁ እስከ ብብት መስመር ቁረጡና መጨረሻው ላይ 2 ሚ.ሜ. ሳይቆረጥ ይቆይ። ሁለተኛ መቁረጫ ከጎን ስፌት እስከ ጡት ጫፍ አድርጉ። ጡት ጫፍ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ስትከፍቱት ከጎን በኩል ያለው ክፍተት በራሱ ይከፈታል፤ እሱ አዲስ የጎን ፔንስ ይሆናል። የመሃል ፊቱ ከጎኑ ስለሚያጥር ልዩነቱን ያህል ወረቀት ጨምራችሁ አስተካክሉት። ወገብ ላይ የተከፈተውን ስፋት ፔንሱ ይውሰደው።

አንገቱ ላይ ከደረት የሚርቅ ክፍተት ካለ፣ በእስፒል ቆንጥሩትና ምን ያህል እንደሆነ ለኩ። ፓተርኑ ላይ ያንን ያህል ከአንገት ጠርዝ ወደ ጡት ጫፍ በሾጣጣ ዝጉ፤ ወረቀቱ እንዲተኛ የወገቡ ፔንስ ይከፈታል፣ ይከፈት።

አንድ ነገር ግን ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። እጅ ሲነሳ ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ ብዙዎች ብብቱን ዝቅ አድርገው ይቆርጣሉ። ያን ጊዜ ይብሳል። ብብት ዝቅ ባለ ቁጥር እጅ ሲነሳ የሚሳበው ጨርቅ ይረዝማል። ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጉት።

ክብ ጉርድ ስንት ሜትር ጨርቅ ይፈጃል? ቀመሩስ?

ለሙሉ ክብ ወገቡን ለ6.28፣ ለግማሽ ክብ ለ3.14 አካፍሉ። ወገባችን ከነመተንፈሻው 74 ስለሆነ የሙሉ ክቡ ራዲየስ 11.8 ሳ.ሜ.፣ የግማሹ 23.6 ሳ.ሜ. ነው። ይህ ግን የስፌቱ መስመር ነው። መቀሱ የሚሄድበት መስመር ከዚያ በ1.5 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለሙሉ ክብ 10.3፣ ለግማሽ 22.1 ሳ.ሜ.።

ለግርጌው 2 ሳ.ሜ. ጨምረን የሙሉ ክቡ ውጫዊ ራዲየስ 83.8 ሳ.ሜ. ይሆናል። 150 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ጨርቅ አንድ ወጥ ክብ አይወጣም። ሁለት ግማሽ ክቦች ተከታትለው ይቆረጣሉ፤ እያንዳንዱ 168 ሳ.ሜ. ያህል ርዝመት ስለሚወስድ 3.4 ሜትር ከነስፌት ትርፉ ሲታሰብ 3.5 ሜትር ያዙ። ግማሽ ክብ 2 ሜትር ይበቃዋል። ከባድ ሳቲን ከሆነ ግማሽ ክቡን እንመርጣለን። የሙሉ ክብ ከባድ ሳቲን ክብደት ወገቡን ወደ ታች ይጎትታል፤ የውስጥ ጉርድ ካልደገፈውም ይወድቃል እንጂ አይዘረጋም።

እንደተቆረጠ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ወገቡን ከጠርዙ 1.3 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ አንድ ዙር መጠበቂያ ስፌት ምቱ። ክቡ በአራት ቦታ በሰያፍ ላይ ስለሚውል ጠረጴዛ ላይ እያለ እንኳ ይለጠጣል።

ጉርዱ ከላይኛው ክፍል ወገብ በ9 ሳ.ሜ. ሰፋብኝ። ለምን?

መቀሱን 11.8 ሳ.ሜ. ላይ አስኪዳችሁ ይሆናል። ከዚያ 1.5 ሳ.ሜ. ገብታችሁ ስትሰፉ ራዲየሱ 13.3 ይሆናል፤ ዙሪያው ደግሞ 83.5 ሳ.ሜ.። ስህተቱ 1.5 ሳ.ሜ. ቢመስልም በ6.28 ተባዝቶ ነው የሚመጣው።

ጨርቁ ከጠርዙ ክር የማይለቅ ዓይነት ከሆነ የስፌቱን ትርፍ ወደ 5 ሚ.ሜ. ቀንሱት። ዙሪያው ወደ 77.3 ይወርዳል፤ የቀረውን 3 ሳ.ሜ. ያህል በሁለት መስመር ረጅም ስፌት ሳብ አድርጋችሁ በእንፋሎት መሰብሰብ ይቻላል። ጠርዙ ክር የሚለቅ ከሆነ ግን በጎን ስፌቶቹ አጥብቡት፦ ሁለት ስፌት፣ አራት የጨርቅ ጠርዝ፣ ከእያንዳንዱ 2.3 ሳ.ሜ. ወገቡ ላይ ይወሰድና መስመሩ እስከ ግርጌ ቀጥ ብሎ እያለቀ ይሂድ። እጥፋት አድርጎ ማስገባትም ያምራል፤ የዘመኑ ቀሚሶች ላይ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጨርቅ፣ መርፌና ክር ምን ይሁን?

ለዚህ ቅርጽ ቆም የሚል ጨርቅ ይሻላል፦ ታፍታ፣ ዳችስ ሳቲን፣ ብሮኬድ፣ ወፍራም የጥጥ ሳቲን። ሺፎንና ቀጭን ክሬፕ ለዚህ አይሆኑም። ለቀጭን ሳቲንና ለታፍታ ቁጥር 70 ሹል መርፌ፣ ለከፋይና ለብሮኬድ 80 ውሰዱ። መርፌው አዲስ ይሁን፤ ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ሳቲን ላይ ክር ስቦ ከዳር እስከ ዳር መስመር ያወጣል፣ ያ መስመር ደግሞ አይመለስም። እስፒል የሚወጋው በስፌት ትርፉ ውስጥ ብቻ ነው።

ከፋይ የራሱ ሕግ አለው። ፀጉሩ ወደ ላይ ሲሆን ቀለሙ ይጠልቃል፣ ወደ ታች ሲሆን ይፈካል። ሁሉም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጠ ቀሚሱ ከሁለት የተለያየ ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል። ሁለት ከፋይ ፊት ለፊት ሲገናኝ ይንሸራተታል፤ በእስፒል ብቻ አትመኑ፣ በእጅ ጊዜያዊ ስፌት ያዙት።

ስፌቱ ይኮማተራል።

መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ክር ውጥረት ቀንሱ፣ ከዚያ የስፌቱን ርዝመት ከ2 ወደ 2.5 ሚ.ሜ. አንሱ። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፣ ያውም በቁራጭ ጨርቅ ላይ። ወፍራም ክር ለቀጭን ጨርቅ ከሆነ ሦስቱም አይረዱም። ጨርቁን ከመርፌው ፊትና ኋላ በሁለት እጅ ቀለል አድርጎ መያዝ ይጠቅማል፤ መጎተት ግን መርፌ ይሰብራል።

ማንጠልጠያ የሌለው ቀሚስ ወደ ታች ይንሸራተታል። ደረቱን ላጥብበው?

አታጥብቡት። እንዲህ ዓይነቱን ቀሚስ የሚይዘው ወገብ ነው፤ ደረት ላይ ማጥበቅ ገላን ወደ ላይ ገፍቶ ጠርዙ ላይ እንዲፈስ ከማድረግ አያልፍም። ደረት ላይ መተንፈሻ አይጨመር፤ ከልኬቱ 1 ሳ.ሜ. ቢቀነስ ይበቃል።

የሚሠራው የውስጥ ወገብ ጥብጣብ ነው። የማይለጠጥ፣ ከ2 እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጥብጣብ ከወገብ ልኬት 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ ለጫፎቹ እጥፋት በእያንዳንዱ ወገን 2 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ገበሩ ላይ በስፌቶቹና በፔንሶቹ ቦታ ብቻ በእጅ ይያዝ፤ ከዚፑ ግራና ቀኝ 5 ሳ.ሜ. ያህል ነፃ ሆኖ በሁለት መንጠቆ ይዘጋ። ስትለብሱ መጀመሪያ ጥብጣቡን፣ ከዚያ ዚፑን ዝጉ። የዚፑ ጉልበትም ያኔ ይቀንሳል፤ ብዙ ዚፕ የሚፈነዳው ብቻውን ሸክሙን ስለሚሸከም ነው።

ማቆሚያ ዘንጎች ጠርዙ እንዳይታጠፍ ያደርጋሉ እንጂ ቀሚሱን አያንጠለጥሉም። ከስምንት እስከ አሥር ዘንግ ይበቃል፦ በጎን ስፌቶች፣ በፔንሶቹ መስመር ወይም በቅርጽ ስፌቶቹ፣ እና ከዚፑ ግራና ቀኝ። ጠመዝማዛው የብረት ዘንግ ወደ ጎንም ስለሚታጠፍ ጡት ላይ ለሚዞር ስፌት ይሆናል፤ ጠፍጣፋው ለቀጥታ ጀርባ ነው። የፕላስቲክ ዘንግ ከጥቅልል ሲወጣ እንደታጠፈ ይቀራል፤ በጨርቅ መሃል አድርጋችሁ ሞቅ ባለ ካውያ አቅኑት። ዘንጉ ከማደሪያው ከላይም ከታችም 0.5 ሳ.ሜ. ይጠር፣ ጫፉም ይከብ፤ አለበለዚያ አንድ ምሽት ሳይሞላ ጨርቁን ይበሳል።

ዚፑ እንደ ማዕበል ሆነ።

ስትሰፉ ጨርቁ ተለጥጦ ዚፑ አልተለጠጠም። ተርትሩት፣ ሁለቱንም ጠርዝ በእንፋሎት መልሱ፣ ከጀርባቸው 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ሙጫ ያለው ማጠንከሪያ ለጥፉ፣ ከዚያ በእጅ ጊዜያዊ ስፌት ይዛችሁ እንደገና ስፉ። ሁለቱም ወገን ከላይ ወደ ታች ይሰፋ፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ከተጀመረ አንዱ ይረዝማል። የወገብ ስፌቱ ግራና ቀኝ እንዲገጥም መጀመሪያ ወገቡ ላይ 3 ሳ.ሜ. ብቻ ሰፍታችሁ ዝጉና እዩት። ከገጠመ ቀሪውን ጨርሱ።

የድሮውን መልክ የምትፈልጉ ከሆነ ዚፑን ግራ ጎን ላይ አድርጉት፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ብዙ ቀሚስ በግራ ጎን በብረት ዚፕ ነበር የሚዘጋው። በጎን ሲሆን ከብብት በታች 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ ከወገብም ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ይለፍ፤ አለበለዚያ ትከሻ አያሳልፍም።

ግርጌውን 5 ሳ.ሜ. አጠፍኩት፣ ግን ዙሪያው ሁሉ ተጨማደደ።

ክብ ጉርድ ሰፊ እጥፋት አይቀበልም። የጨርቁ ጠርዝ ሁልጊዜ ከሚያርፍበት ዙሪያ ይረዝማል፤ ሙሉ ክብ ላይ 5 ሳ.ሜ. እጥፋት 63 ሳ.ሜ. የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ያመጣል፣ 1 ሳ.ሜ. እጥፋት ግን 12.6 ሳ.ሜ. ብቻ፣ ያውም 5 ሜትር ላይ ተበትኖ። ስለዚህ ወይ ከ0.5 እስከ 1 ሳ.ሜ. ባለ ቀጭን እጥፋት ዘምዝሙት፣ ወይ በሰያፍ የተቆረጠ የተለየ ጥብጣብ ከውስጥ ግጠሙ። ግርጌው ቆም ብሎ እንዲዘረጋ ከተፈለገ በወንፊት መልክ የተሠራ ጠንካራ የናይሎን ግርጌ ጥብጣብ አለ፤ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ይበቃል። የላይ ጠርዙ ላይ ያለው ክር ሲሳብ ጥብጣቡ ክቡን ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀሚሱ፣ ዚፑና ወገቡ ተጠናቆ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ለከባድ ጨርቅ 48 ሰዓት ይሰቀል። በሰያፍ የዋሉት ክፍሎች ይወርዳሉ፤ 3 ሳ.ሜ. መውረዱ አያስደንቅ። ከዚያ ለባሿ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትቁም፣ እናንተ ከመሬት ወደ ላይ በማስመሪያ ለኩና በየ8 ሳ.ሜ. ምልክት አድርጉ። ከወገብ ወደ ታች መለካት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የወረደው ክፍል ከሌላው ጋር እኩል መስሎ ይታያል።

ዋናው ጨርቅ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ጠበበ፣ ወይም አጠረ። ይድናል?

አብዛኛው ይድናል። ማረሚያው ግን የተደበቀ ከመሆን ይልቅ ከመጀመሪያው የታሰበ ቢመስል ይሻላል።

ጀርባው እስከ 8 ሳ.ሜ. ድረስ አልዘጋ ካለ ዚፑን ተዉትና በማሰሪያ ይዘጋ። በሁለቱም ጠርዝ በየ2.5 ሳ.ሜ. በሰያፍ ከተቆረጠ ጨርቅ የተሠሩ ትንንሽ ማስገቢያ ቀለበቶች ግጠሙ፣ ከስራቸው 12 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው መሸፈኛ ቁራጭ በአንድ ወገን ብቻ ይሰፋ። ለ30 ሳ.ሜ. ክፍተት 3 ሜትር ማሰሪያ ያዙ። ጥበቱ ከ4 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ ከብብት እስከ ወገብ በሁለቱ ጎኖች ቀጭን ቁራጭ ማስገባት ይቀላል። በአንድ ጎን ብቻ ማስገባት ግን መሃል ፊቱን ያዛንፋል።

የላይኛው ክፍል ወገብ ላይ ካልደረሰ በላዩና በጉርዱ መካከል 4 ወይም 5 ሳ.ሜ. የሆነ የወገብ ቁራጭ አስገቡ፤ ይህ በዘመኑም የተለመደ ቅርጽ ነበር። ጉርዱ ካጠረ ከታች ከሌላ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ሳቲን ላይ ከፋይ፣ 10 ሳ.ሜ. ያህል ግርጌ ጨምሩ። 3 ሳ.ሜ. ብቻ መጨመር ስህተት እንደታረመ ያስታውቃል። ቀሚሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ አንገቱ ከሰፋ፣ ከገበሩ በኩል ጠርዙ ላይ 1 ሳ.ሜ. ያጠረ ቀጭን ጥብጣብ እየሰበሰባችሁ በእጅ ስፉ፤ እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ያለ ክፍተት ይዘጋል።

ሁለት ቀኝ ወይም ሁለት ግራ ቁራጭ መቁረጥም አለ፤ ጨርቅ በነጠላ ሲቆረጥ ፓተርኑን መገልበጥ ስለሚረሳ ነው። ለእሱ ከአዲስ ጨርቅ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የተተረተረ ስፌት ቀዳዳው ይጠፋል?

ጥጥ ላይ አዎ፤ እንፋሎት ስጡትና በጥፍር በድሩም በማጉም አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ፈትጉት። ሳቲንና ታፍታ ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ማስፋት የግድ ከሆነ የድሮው ስፌት መስመር የት እንደሚወድቅ አስቡ፤ ቀጭን ጌጥ ስፌት ወይም ጥብጣብ ሊሸፍነው ይችላል።

ካውያው አብረቀረቀበት፣ ወይም የውሃ ምልክት ተወ።

ፖሊስተር በሙቀት ካብረቀረቀ ቃጫው ቀልጧል፤ አይመለስም። ሐርና ታፍታ ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ስለሚተው ካውያው ደረቅ ሆኖ ከውስጥ ወገን፣ በጨርቅ ላይ ይተኮስ። የስፌት ትርፉ በፊት ለፊት እንዳይታተም ከስሩ የወረቀት ቁራጭ አስገቡ። ከፋይ ፀጉሩ ወደ ታች ሆኖ ፎጣ ላይ ይደረግና ካውያው ሳይነካው በእንፋሎት ብቻ ይሠራበት።

የውስጥ ጉርድ እንዴት ይሠራል?

በሦስት እርከን። ከወገብ 20 ሳ.ሜ. ያህል ከገበር ጨርቅ ያለ ሽብሽብ፤ ከእሱ ቀጥሎ 22 ሳ.ሜ. ቁመትና 3 ሜትር ዙሪያ ያለው ቱል (መረብ መሰል ጨርቅ)፤ ከታች 24 ሳ.ሜ. ቁመትና 6 ሜትር ዙሪያ። ድምሩ 66 ሳ.ሜ. ነው፣ ከቀሚሱ በ4 ሳ.ሜ. ያጥራል። ሽብሽቡ ከወገብ ከጀመረ ወገቡን ያወፍራል፤ ለዚህ ነው የላይኛው እርከን ባዶ የሚቀረው። ቱል እግር ስለሚቧጭር ከስሩ ቀጭን ገበር ይኑረው።

በላዩ የሚደረብ አጭር ጃኬት ከዚሁ ፓተርን ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል። ደረት ላይ መተንፈሻውን ከ4 ወደ 9 ወይም 10 ሳ.ሜ. አሳድጉ፣ ብብቱን በ1.5 ሳ.ሜ. ዝቅ፣ ትከሻውን በ0.5 ሳ.ሜ. ረዘም አድርጉ፤ ከወገብ በላይ 4 ሳ.ሜ. ላይ ቁረጡት። ብብት ዝቅ አይደረግ ያልነው ለቀሚሱ ነው፤ ተደራቢ ግን የቀሚሱን ብብት ማለፍ አለበት።

የ1930ዎቹን የሰያፍ ቀሚስ ሞከርኩ፤ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ።

በ1920ዎቹና 1930ዎቹ ይህን አቆራረጥ በማሳደግ ስሟ የሚነሳው ፈረንሳዊቷ ልብስ ነዳፊ ማድሌን ቪዮኔ ናት። ጥበቡ ሁሉ ያለው 45 ዲግሪው ትክክል በመሆኑ ላይ ነው። ቀሚሱ የሚጠመዘዘው ጨርቁ ታጥፎ በድርብ ስለተቆረጠና የታችኛው ሽፋን ስለተንሸራተተ፣ ወይም የግራና የቀኝ ቁራጮች የድር አቅጣጫ እንደ መስታወት ምስል ተቃራኒ ስላልሆነ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ በነጠላ ጨርቅ ላይ፣ ከስሩ ወረቀት አድርጋችሁ ቁረጡ። የጎን ትርፍ 3 ሳ.ሜ. ተዉ፣ ቁራጮቹን ሳትሰፉ ሁለት ቀን ስቀሉ፣ ከዚያ በፓተርኑ ላይ መልሳችሁ አስተካክሉ። ስትሰፉ 0.5 ሚ.ሜ. ስፋትና 2.5 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ጠባብ ዚግዛግ ተጠቀሙ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ጨርቁ ሲለጠጥ ይበጠሳል። የተጠመዘዘ ሰያፍ ቀሚስ አንዴ ከተሰፋ በመተኮስ አይቀናም። ከቻላችሁ ተርትራችሁ ለአጭር ሸሚዝ አውሉት።

ያለቀውን ቀሚስ እንዴት ላስቀምጠው?

በማንጠልጠያዎቹ አይሰቀል። ወገቡ ላይ ከውስጥ በጎን ስፌቶቹ 25 ሳ.ሜ. ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት የጥብጣብ ቀለበቶች ስፉና ክብደቱ በእነሱ ይንጠልጠል። የሰያፉ ቀሚስ ግን ጭራሽ አይሰቀልም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።